ሜዳ ላይ ገደል ያቆምንበት ጥምቀት

ይህን የሚያነብ ሰው የሚያወራው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። አስራት እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር ነው። ካህናት በሞሉበት ቤት ተወልጄ የኔታ ፊት ያልተቀመጥሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ በቅሎ የሚይዝ ሰው ታጥቶ ዕጣው ለእኔ ወጣና ወንድሞቼ ቅጥር ውስጥ ሲማሩ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ልጓም ይዤ እቆም ነበር። እነርሱ ፊደል ሲጮኹ በጆሮዬ እየለቀምሁ በዱላዬ ጫፍ አፈር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን የኔታ ወጥተው ያን አፈር ላይ ያለ ጽሕፈት አዩና «ይህን የጻፈ ማን ነው?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኋቸው። አዩኝና «በቅሎዋን ደህና አድርገህ ያዝ» ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውስጥ ያሉት ተማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ መታዘዛቸውን ኋላ ሰማሁ። ኮርቻ መስፋት ማንም አላሳየኝም፤ አሮጌ ኮርቻ ፈትቼ መልሼ ገጠምሁ። የፈረስ ሆድ ሲነፋ ምን እንደሚሰጠው ራሴ አገኘሁት። አርጎብኛን ከአልዩ አምባ ገበያ ላይ ለቀምሁ። ድምፄን ግን ከእግዚአብሔር ነው ያገኘሁት። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ቆሜ ስጣራ ከሸለቆው ማዶ የሚያርስ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ይሰማ ነበር። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ካለ አንኮበር ሄዶ ይጠይቅ፤ የሚያውቁኝ ሽማግሌዎች ጥቂት ቀርተዋል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አንድ የጭነት መኪና ነው። በቅርቡ ደብረ ሲና ዘመድ ልጠይቅ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ጣልያን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባን። ዋሻው መሐል ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ድምፁ ሄዶ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ እኔ ሳላዝዘው ገላዬ ወደ ግራ ዘመም አለና አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ላይ ተደገፍሁ። ሾፌሩ ሳቀ። «ምነው አባባ፣ ፈሩ እንዴ?» አለኝ። «ፈሪስ አንተ! ባትፈራ በጨለማ ጥሩንባ ባልነፋህ» አልሁት። ሴትዮዋም «እኔስ ሙሽራ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። መኪናው ከዋሻው ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ግን እኔ እዚያ አልነበርሁም። ጎረምሳ ሆኜ፣ የበግ ለምድ ለብሼ፣ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር።

በዚያ ዘመን አንኮበር የዓለም እምብርት ናት ብለን እናምን ነበር። ንጉሡ አንድ ሰሞን እኛ ዘንድ ይሰነብታሉ፣ አንድ ሰሞን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ለምን እንደሚወርዱ የሚያውቁት ያውቃሉ። እኔ የማስታውሰው እርሳቸው ሲመጡ ዳገቱን ይዞ የሚወጣውን የማር ሽታ ነው። አንድ አሞሌ ጨው ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በርበሬውን ሸምቶ፣ የሚልሳት ቁራሽ ጨው አስቀርቶ፣ ለጠላም ይተርፈው ነበር። የመንዝ ባና ከትከሻ ላይ ጣል ሲደረግ እንደ ቤት ይሞቃል፤ ዝናብም አያልፈውም፣ ሲርስ ግን የበጉ ሽታ ተመልሶ ይመጣል። ጥቁር በርኖስ የደረበ ፈረሰኛ በገበያው መሐል ሲያልፍ ሴቶቹ ማሰሮ ዋጋ መጠየቃቸውን ይተዋሉ። እኛ ጎረምሶቹ ራሳችንን ቅቤ ተቀብተን፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ከሚጀምርበት ከትልቁ ጽድ ሥር ቆመን ስለ ፈረስ እናወራለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ጽዱ የለም። መንገዱም ሣር በልቶታል። ጉሙ ብቻ እንደ ድሮው በሰዓቱ ከቆላ ይወጣል፣ የሚያገኘው ሰው ጠፍቶ እንደተቸገረ እንግዳ በየቤቱ ደጃፍ ትንሽ ትንሽ ይቆማል።

ጉግስን ለማያውቅ ልንገረው፤ ዛሬ የማያውቅ በዝቷል። አንዱ ፈረሰኛ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ጫፉ ያልሾለ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሹ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ዘንጉ ጋሻ ካገኘ ምንም አይደለም፤ ገላ ካገኘ ግን ተመታ ይባላል። የሜዳው ዳር ሲደረስ ሁለቱም ይዞሩና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። እንግዲህ ቀድሞ የዞረ ቀድሞ ያሳድዳል። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የየአገሩ ፈረሰኛ ደብረ ብርሃን ላይ ይገናኛል፤ ከመዘዞ ይመጣል፣ ከእነዋሪ ይመጣል፣ እኛም እንሄዳለን። የተሸነፈው ይወጣል፣ ያሸነፈው ካሸነፈው ጋር ይገጥማል፤ በመጨረሻው ቀን ሁለት ብቻ ይቀራሉ።

የእኛ ፈረሰኛ ጥላዬ ይባል ነበር፤ ዝምተኛ፣ ክንዱ ረጅም፣ የእኔ እኩያ። ፈረሱ ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ። ቦራ የተወለደ ሰሞን እናቱ ገደል ገብታ ሞተችና ጥላዬ በቅል የላም ወተት እያጠጣ፣ ከአንድ ባና ሥር አብሮት እየተኛ አሳደገው። ፈረሱ ግን የእርሱ አልነበረም። የጌታችን የባላምባራሱ ነበር። የዚያን ዓመት ባላምባራሱ ደጃቸው ላይ ቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፦ «ጥላዬ፣ ይህ ፈረስ እስካሁን ገብሴን ከመብላት በቀር ያደረገልኝ የለም። ደብረ ብርሃን ላይ አዋርዶኝ ከመጣ ለጨው ነጋዴው ለኑርዬ እሸጠዋለሁ። አሞሌ ይጫንበት።»

ጥላዬ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከበር ስንወጣ «አስራት፣ የፈረስ ጀርባ ጨው ሲበላው አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አይቻለሁ። አፌን ስከፍት «እንግዲያው ዝም በል» አለኝ።

አንኮበር ሜዳ የላትም። ያለችን ከተራራው ትከሻ ላይ እንደ መቀነት የተዘረጋች አንዲት ጠባብ መስክ ናት፤ ጫፏ ገደል ነው። ጥላዬ እዚያች ላይ ሲጋልብ እኛ ደጋፊዎቹ ከላይ ሆነን «ሆ ቦራ!» እንላለን፤ ማዶ ያለው ገደል ማሚቶ «ሆ ቦራ» ብሎ ይመልሳል። ገደል ማሚቶው ሲመልስ ፈረሱ ከጫፉ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቦራ በኋላ እግሮቹ ቆሞ እንደ ጭራ ወደ ግራ ይዞራል፤ እኛም አብረነው ዘመም እንላለን። ጥላዬ ልጓሙን የሚስበው እንዲያው ለደንቡ ነበር። ይህን ለፈረሱ ማንም አላስተማረውም። እንደ እኔ ራሱን አስተምሮ ነው። ጥላዬ ራሱ እንኳ ይህን አያውቅም ነበር፤ ፈረሱ ከእጁ የሚታዘዝ ይመስለው ነበር።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ግማሽ አንኮበር ተከተለ። በሶና ዳቦ ቆሎ በስልቻ፣ ጋሻ በጀርባ፣ እኔ ከፊት እያቀነቀንሁ። ኑርዬም በበቅሎው ላይ ሆኖ ከአልዩ አምባ ሰዎች ጋር መጣ። አንዱ ቀልደኛ «አንተ ኑርዬ፣ ዕቃህን ልትረከብ ነው የምትከተለን?» አለው።

«ወላሂ አይደለም» አለ ኑርዬ። «ይህ የሐር ክር የመሰለ እግር ጨው ተሸክሞ ሁለተኛውን አቀበት አያልፍም፤ ይሞትብኛል። ባላምባራሱ ደግሞ ግዛ ካሉኝ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። ኢንሻአላህ ያሸንፍ፣ እኔም ልዳን።»

«እንግዲያው ጩኽ!»

«ከእናንተ በላይ እጮሃለሁ። የእናንተ ክብር ነው የሚሄደው፣ የእኔ ገንዘብ ነው።»

የደብረ ብርሃን ሜዳ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። ክረምት ላይ እግር ይውጣል፤ በጋ ላይ ይሰነጠቅና የፈረስ እግር ይሰብራል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከበዓሉ በፊት ስንጥቁን በጭቃና በገለባ ይሞሉታል፤ ከዚያ ከብት እያመላለሱ ያስረግጡታል፤ ሲደርቅ እንደ አውድማ ይለሰልሳል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ፀሐይ ስትነካው ከመሬቱ ጢስ የመሰለ ነገር ይነሣል፣ ሜዳው ሁሉ ይተነፍሳል። እኛ የገደል ልጆች ያን ያህል ሰማይ በአንድ ጊዜ አይተን አናውቅም ነበርና መጀመሪያ ላይ ጭንቅላታችን ዞረ። አንዱ ጓደኛችን ተቀምጦ መሬቱን በሁለት እጁ ያዘ።

የመጀመሪያው ቀን ግጥሚያችን ከመዘዞ ጋር ነበር። እኔ ወገኖቼን አሰልፌ «ሆ ቦራ!» አስባልሁ። ቦራ ሸሸ፣ የመዘዞው ሰው ተከተለ። ዳር ላይ የተተከለው እንጨት ጋ ሲደርሱ የመዘዞው ዞረ። ቦራ አልዞረም። ጥላዬ ልጓሙን እስኪተኛ ሳበው፤ ቦራ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሜዳው ወጣ፣ የሰው እርሻ ተሻገረ፣ ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ነጥብ ሆነ። ደብረ ብርሃኖች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጥላዬ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የዚያን ቀን ያዳነን የመዘዞው ሰው የኮርቻ ጠፍር ነው፤ በሦስተኛው ዙር ተበጥሶ ባለቤቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። የሰፋው ሰው እኔን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ አይበጠስም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከእነዋሪ ጋር ስንገጥም ሌላ ጉድ መጣ። የደብረ ብርሃንን ደጋፊ የምትመራው ሴት ነበረች፤ ዘነበች የምትባል ጠላ ሻጭ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዐይኗ የማያርፍ። የእነርሱ ሰው በዚያ ቀን ተራው ባይሆንም እኛን ለማናደድ መጥታ ቆመች። እኛ አንዴ ከጮኽን በኋላ ትንሽ ዝም እንላለን። ለምን ዝም እንደምንል አናውቅም፤ አገራችን እንዲሁ ነው የሚጮኸው። እርስዋ ታዲያ ከዚያች ዝምታ ውስጥ ገባች።

«ቦራ መጣ!» አልን እኛ።

«መንገድ ጠፋው!» አለች፣ ወገኖቿም አስተጋቡ።

«የአንኮበር ልጅ!»

«ሜዳ ያመዋል!»

«እሰይ ጥላዬ!»

«እራቱ ጫጫ ነው!»

ቃላችንን እኛ እንጀምረዋለን፣ እርስዋ ትጨርሰዋለች። ሰሚው የእኛ ዘፈን ራሱ እኛን የሚሰድብ መሰለው። ከእኛ መካከል ሳያስበው የሳቀ ነበር፤ ስሙን አውቀዋለሁ፣ አልጽፈውም። ይህችን ሴት ኋላ ያገባኋት እኔ ነኝ፤ እርሱ ሌላ ወሬ ነው። ያን ቀን ግን ጉሮሮዋን ባንቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጥላዬ ገና ዳር ሳይደርስ፣ ማንም ባልጠበቀው ርቀት ዘንጉን ወርውሮ እነዋሪን ትከሻው ላይ አገኘው፤ በክንዱ አሸነፈ። ፈረሱ ግን አሁንም አልዞረም። ነገ የሚገጥመው የደብረ ብርሃኑ ሽፈራው ነው፤ ሽፈራው ደግሞ ከሩቅ ቢወረወርበት የማይመታ፣ መዞሪያ ላይ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ያ ሁሉ የአንኮበር ሕዝብ የሚያውቀውን እኔም አውቀው ነበር፦ ነገ ቦራ ካልዞረ ከነገ ወዲያ ጨው ይሸከማል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሮሮዬ ተሰነጣጥቆ ዘነበች ቤት ጠላ ልጠጣ ገባሁ። ሌላ ጠላ ቤት አልነበረም እንዴ? ነበረ። ጥላዬና ኑርዬ ደጅ ተቀምጠው ቦራን ይጠብቃሉ። ዘነበች ዋንጫውን ቀድታ ሰጠችኝና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ድምፅህስ ድምፅ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ይበል! አንድ ነገር ልጠይቅህ? እናንተ አንኮበሮች ከጮኻችሁ በኋላ ማንን ነው የምትጠብቁት?»

«ማንን እንጠብቃለን?»

«ምን አውቄ። ሁላችሁም ጆሮአችሁን ወደዚያ ማዶ ጣል አድርጋችሁ፣ ከቤት እንደሚጠራ ሰው፣ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ፈረሳችሁም እንደ እናንተው ነው። ጆሮውን አቁሞ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ሲያጣ ዝም ብሎ ይሄዳል። አሳዘነኝ እቴ።»

ዋንጫውን ሳልጨርስ አስቀመጥሁት። ይህ በሕይወቴ ከጠላ የተነሣሁበት ብቸኛ ቀን ነው። ወጥቼ ጥላዬን «ፈረስህ ገደሉን ነው የሚጠብቀው» አልሁት።

«የምን ገደል?»

«ገደል ማሚቶውን። እዚህ ሜዳ ላይ የሚመልስለት የለም። መሬቱ ያላለቀ ስለሚመስለው ይሄዳል።»

ጥላዬ ቦራን አየው። ከዚያ የፈረሱን አንገት ይዞ ፊቱን ጋማው ውስጥ ቀበረ። «እንግዲያው ነገ አለቀልን» አለ ከዚያ ውስጥ።

«አላለቀልንም። ሰው ገደል አይሆንም ያለ ማነው?»

ወገኖቼን ሁሉ ጠራኋቸውና ነገርኋቸው፦ ግማሻችን በዚህ፣ ግማሻችን ከሜዳው ማዶ እንቁም። እኛ «ሆ ቦራ!» ስንል እናንተ ትንሽ ቆይታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ መልሱ። ሐሳቡ መልካም ነው አሉ። ከዚያ «ማዶ የሚቆም?» ብል አንድ ሰው አልተነሣም። የአንኮበር ሰው መጮኽ ይወዳል፣ የሌላውን ጩኸት መድገም ግን እንደ ውርደት ያየዋል። «እኔ የእገሌ ልጅ፣ የአስራት ማሚቶ ልሁን?» አለ አንዱ። «አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይረግመኛል» አለ ሌላው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «መሆኑንስ እሆን ነበር፣ ዝቅ አድርጉ ያልኸው ነው ያስቸገረኝ» አሉ። ጥላዬ ፈረሱን ይዞ ቆሞ ይህን ሁሉ ይሰማል።

ያን ጊዜ ኑርዬ ተነሣ። «እኔ እሆናለሁ» አለ። «የአልዩ አምባም ሰዎች ይሆናሉ። እኛ ከገደሉ ሥር ነው የምንኖረው፤ ጩኸታችሁ ዘወትር ከደረሰን በኋላ ነው የሚመለስላችሁ። ስንቆይ ምን ያህል እንቆይ?»

«‹አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር› እስኪባል» አልሁት።

«እኔ ቢስሚላሂን ብዬ ስጨርስ እጮሃለሁ፤ ሌላው እኔን ይከተል።»

ነጋዴው ከተነሣ በኋላ የእኛ ሰዎች አፈሩና ግማሹ አብሮት ሄደ። እኒያ ሽማግሌ ግን እስከ ሞታቸው ድረስ ከፍ አድርጌ ነው የጮኽሁት ይሉ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ውርጩ ጠና። ፀሐይ ሸክላውን እስክታለሰልስ ድረስ ሰው ሁሉ እግሩን እያንኳኳ ቆመ፤ ትንፋሻችን ከፈረሶቹ ትንፋሽ ጋር ተደባልቆ ሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ ተንሳፈፈ። የደብረ ብርሃኑ ሹም ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የእኛም ባላምባራስ አጠገባቸው ናቸው፣ ፊታቸው ድንጋይ። እኔ ከማዶ ያሉትን የት እንደሚቆሙ በእግሬ ሄጄ አሳየሁ፤ እንጨቱ አጠገብ ሳይሆን ከእንጨቱ ወዲያ፣ አገራችን ቢሆን ገደሉ በሚኖርበት በኩል። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ነጋሪት ተመታ። ቦራ ሸሸ፣ ሽፈራው ተከተለ። ሽፈራው ዘንጉን አልወረወረም፤ መዞሪያውን ይጠብቃል። እኔ ሳንባዬ ውስጥ ባለው ትንፋሽ ሁሉ «ሆ ቦራ!» አልሁ፣ ወገኖቼም አሉ። ከዚያ ዝም አልን። ዘነበች ወደ ዝምታችን ለመግባት አፏን ከፈተች። «መንገድ…» ብላ ሳትጨርስ ከማዶ፣ ከባዶው ሰማይ ሥር፣ ኑርዬና ሰዎቹ «ሆ ቦራ» አሉ። የማልረሳው ድምፅ ነው። ሜዳ ሲመልስ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ከእኛ ሰዎች መካከል ያለቀሰ ነበረ፤ ከተራራው ከወረደ ጀምሮ ያጣውን ነገር ያን ጊዜ አወቀው።

ቦራ ጆሮውን አቆመ። በኋላ እግሮቹ ቆመና እንደ ጭራ ዞረ። ሽፈራው ቦራ እዚያ ይዞራል ብሎ አልጠበቀም፤ ፈረሱን ሊይዝ ሲታገል ዘንጉ ከእጁ ሳይወጣ ማዶ ከቆሙት ሰዎቻችን መካከል ገባ፣ ሰው ወዲህና ወዲያ ተበተነ። ዞሮ ሲወጣ ጥላዬ ከኋላው ነበር። ዘንጉ ከጋሻው በታች ወገቡን አገኘው፤ የተሰማው ድምፅ እርጥብ ቆዳ በመዳፍ ሲመታ የሚሰማ ነው። ዘነበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከሜዳው ወዲህ ጮኸችብኝ፦ «አንተ ሰውዬ! ተራራህን ተሸክመህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ሕዝቡ ሳቀ። ከዚያ ቀን በፊት ሴት አሞግሳኝ አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ እንደዚህ ግን አላሞገሰችኝም።

እኛ ስንዘልና ስንጨፍር ሹሙ ከዳሱ ወጡ። ቦራን ዞረው አዩት፣ ግንባሩን ዳሰሱት። «ባላምባራስ፣ እንዲህ ያለ ፈረስ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። ጭፈራችን ቆመ፤ ምን እንደሚመጣ ገባን። ታላቅ ሰው የእንግዳውን ንብረት ሰው ፊት እንዲያ ካደነቀ መልሱ አንድ ነው። የእኛ ባላምባራስ «የእርስዎ ነው» አሉ። ልጓሙ ከጥላዬ እጅ ተወሰደ። ጥላዬ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

አሸንፈን ስንመለስ ለቅሶ የወጣን እንመስል ነበር። ጥላዬ ባዶውን ኮርቻ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከፊቴ ይሄዳል፤ ተሸክሜ ልርዳህ ስለው አልሰጠኝም። ኑርዬ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ ሄደ። «ምነው ሳትጋልብ?» ስለው «ዛሬ ጋላቢ መምሰል አላማረኝም» አለኝ። በዚያ የሁዳዴ ጾም ጥላዬ ከፈረሱ በረት አልወጣም፤ ባዶውን በረት በየቀኑ ይጠርጋል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ጉሙ ከቆላ በሚወጣበት ሰዓት፣ የደብረ ብርሃኑ ሹም ሎሌ ፈረስ እየሳበ ዳገቱን ሲወጣ አየሁ። ሰውየው ደክሞታል፣ ተናዷልም። ባላምባራሱ ደጅ ቆሞ መልእክቱን በቃሉ ተናገረ፦ «ጌታዬ ‹ፈረሳችሁ ዕብድ ነው› ብለዋል። ‹ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ቀጥ ብሎ እየሄደ አንዴ ከጫጫ፣ አንዴ ከዚያም ወዲያ ፈልገን አመጣነው። ልጄን ከማላውቀው አገር ሳያደርስብኝ መልሼ ልኬላችኋለሁ።›»

ባላምባራሱ ከቁጣ ብዛት ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። የሰጡት ስጦታ ተመለሰባቸው! ፈረሱን መልሰው ቢያስገቡ የለገሱትን የተቀበሉ ሊባሉ ነው፤ ይህን ከሞት በላይ ይጠሉታል። እንዳይሸጡት ደግሞ ፈረሱ አላዋረዳቸውም፣ አገር ሁሉ እያየ አስከብሯቸዋል። ወዲህ ወዲያ ተመላለሱ። እኔ በዚያች ሰዓት፣ ማንም መናገር በፈራበት፣ ጎንበስ ብዬ «ጌቶች፣ የሰጡትን ዐይንዎ ባያየው ነው የሚሻል፤ ከደጅዎ የሚያርቅልዎ ሰው ይኖር ይሆን?» አልሁ። ዞር ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ከሰዎቹ መጨረሻ የቆመውን ጥላዬን አዩት።

«አንተ!» አሉት። «ይህን ነገር ከፊቴ ውሰድልኝ። ያንተ ይሁን፣ የጅብ ይሁን፣ ግድ የለኝም።»

ጥላዬ እጅ መንሣቱን ረሳ። እኔ ከኋላ ገፋሁትና ነሣ። ከዚያ ፈረሱን ይዞ ወደ ጠባቧ መስክ ወጣ፤ አልተከተልሁትም።

ዛሬ ባላምባራሱም፣ ኑርዬም፣ ጥላዬም የሉም። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ቤት እየተሠራበት ነው፤ ያ ሸክላ በስንጥቁ ስንት ገለባ እንደጠጣ የሚያውቅ መሠረት ቆፋሪ የለም። እኔ ግን አለሁ፤ ስላለሁም የሠራሁትን ልናገር። ያለ የኔታ አንብቤአለሁ፣ አሁን የምታነቡትንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። የሰፋሁት ኮርቻ ከባለቤቶቹ ዕድሜ በላይ ኖሯል። ሆዱ የተነፋ የሰው ፈረስ ከሞት መልሻለሁ፤ ምስጋናውን የወሰደው ጠበል ነው፣ አልተከራከርሁም። የደብረ ብርሃንን ምላሰኛ አግብቼ ከነምላሷ አኑሬአለሁ። ሦስት ልጆቼን ሴቷን ጭምር ፊደል አስቆጥሬአለሁ። በአንድ ቃል የባላምባራስን ቁጣ ወደ ስጦታ አዙሬአለሁ። ጥላዬ ዐይኑ ደክሞ ወደ መስኩ መውጣት ባቃተው ጊዜ ቦራን ወደ ደጄ አመጣሁት፤ ያን ጊዜ ፈረሱ ጥርሱ አልቆ ነበር። ገብሱን በወፍጮ እያስከካሁ፣ በለብ ባለ ውኃ እያራስሁ፣ በእጄ አበላሁት። ጀርባውን ዳስሼዋለሁ፤ ለስላሳ ነበር፤ ጨው የነካው አንድም ቦታ አልነበረበትም።